ስም በግብፅ፣ ቦታ በጎንደር፦ ያልተመለሱትን የቦምብ ጣይ ሠራተኞች ማስታወስ

ግብፅ ውስጥ በኤል አላሜይን የጦር መቃብር መግቢያ ላይ ያለው መታሰቢያ ከ3,000 በላይ የአየር ኃይል ሰዎችን ስም ይዟል። ሁሉም መቃብራቸው ያልታወቀ ነው። የሞቱት በግብፅና በሊቢያ ብቻ አይደለም፤ በሱዳን፣ በኤርትራ፣ በሶማሊያና በኢትዮጵያ የቀሩትም እዚያው ተጽፈዋል። ከሱዳን ተነሥቶ ጎንደርን ሊደበድብ መጥቶ ያልተመለሰ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ሠራተኞች ሬሳቸው ካልተገኘ፣ ስማቸው የሚነበበው ከጎንደር ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኝ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ቦታውን አይናገርም። በእኛ በኩል ደግሞ በወገራ ወይም በጭልጋ አንድ ሽማግሌ «አይሮፕላን የወደቀው እዚህ ነው» ብለው ቢያሳዩ ቦታው ተገኘ፤ ስሙ ግን የለም።

እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል፤ ከባዱ ትዕግሥቱ እንጂ ዘዴው አይደለም። ብዙ ሰው ከወደቀው ብረት ይጀምራል። እኔ ከቀኑ እንዲጀመር እመክራለሁ። ብረቱ ተሽጦ፣ ቀልጦ ወይም ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። ቀኑ ከተገኘ ግን የስኳድሮኑ (የአውሮፕላን ጓዱ) መዝገብ ይከፈታል፣ ከመዝገቡም የሠራተኞቹ ስም ይወጣል።

የጊዜው ወሰን ደግሞ ጠባብ ነው። ጣልያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ያወጀችው ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው። በማግስቱ የእንግሊዝ 47ኛ ስኳድሮን ዌልዝሊ ቦምብ ጣዮች አስመራን፣ 14ኛው ስኳድሮን ምጽዋን መቱ። በጎንደር የጣልያኑ አዛዥ ጄኔራል ጉሊየልሞ ናዚ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። እንግሊዞቹና አብረዋቸው የተሰለፉት ደቡብ አፍሪቃውያን በጎንደር ዙሪያ ያጡት ሁሉ በዚህ አሥራ ሰባት ወር ተኩል ውስጥ ይወድቃል።

ቀን ስትጠይቁ በቁጥር አትጠይቁ፤ በበዓል ጠይቁ። የጣልያን ወልከፊት ምሽግ እጁን የሰጠው በ1934 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን ነው። ሌላው ምሽጋቸው ቁልቋል በር የተያዘው ኅዳር 12 ቀን፣ ልክ በኅዳር ሚካኤል ነው። ጎንደር የተያዘችው በኅዳር ሚካኤልና በኅዳር ጽዮን መካከል ነው። «አይሮፕላኑ የወደቀው ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ቢባሉ ብዙዎች ዝም ይላሉ። «ቁልቋል በር ከመያዙ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጤፉ ታጭዶ ነበር? ዝናቡ አባርቶ ነበር?» ሲባሉ ግን ከአባታቸው የሰሙትን መልሰው ማስተካከል ይጀምራሉ። ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከ90 አልፏል። ስለዚህ ምስክሩ በአብዛኛው ሁለተኛው ትውልድ ነው፤ «ማን ነገረዎት? የነገረዎት ሰው ራሱ አይቷል?» የሚለው ጥያቄ ሳይጻፍ መቅረት የለበትም።

የዘመን አቆጣጠሩ ላይ ሁለት ቦታ ሰው ይስታል። አንደኛው የዓመቱ ልዩነት ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ (ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ) ልዩነቱ 7 ሲሆን ከዚያ በኋላ 8 ነው። በፈረንጆች ሜይ 1941 የሆነው 1933 ዓ.ም. ነው፤ ኖቬምበር 1941 የሆነው ግን 1934። ሁለተኛው ጳጉሜ 6 ቀን ስትሆን የሚመጣው የአንድ ቀን መንሸራተት ነው። 1934 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 11 ቀን ስለሆነ ለጎንደር ከበባ ወራት ሒሳቡ ቀላል ነው። 1928 ዓ.ም. የገባው ግን ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ስለዚህ የወረራውን ዘመን የሚያጠና ሰው እስከ ፌብሩዋሪ 1936 መጨረሻ ድረስ ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን ማረም አለበት። በሰዓቱም እንዲሁ፦ ሽማግሌው «4 ሰዓት ላይ» ያሉት በመዝገቡ 10 ሰዓት ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ስኳድሮኖች የዘመቻ መዝገብ በለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ኤር 27» በሚባለው ክፍል ተቀምጧል። መዝገቡ ሁለት ዓይነት ቅጽ አለው። ቅጽ 540 የቀን ውሎ ነው፤ በጥቂት መስመር «ዛሬ ይህ ተደረገ» ይላል። ለእኛ የሚጠቅመው ቅጽ 541 ነው፤ የአውሮፕላኑን ቁጥር፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስም፣ የተነሣበትንና የተመለሰበትን ሰዓት፣ የተላከበትን ሥራ በየረድፉ ይዘረዝራል። የመመለሻው ሰዓት ባዶ የሆነበትን ረድፍ ፈልጉ። ስለ ሞቱና ስለ ጠፉ ሰዎች የተከፈቱ ፋይሎች ደግሞ «ኤር 81» ሥር ናቸው። ደቡብ አፍሪቃውያን ከሆኑ መዝገቡ ያለው ፕሪቶሪያ ነው፤ ጣልያኖች ከሆኑ ሮም፣ በአየር ኃይሉ የታሪክ ክፍል።

ከኪው ርቆ ላለ ሰው ቀላሉ በር የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን የስም ዝርዝር ነው። በኢንተርኔት በነጻ ይፈለጋል። ቀኑን አስገብታችሁ አየር ኃይልን ብቻ ብትመርጡ በዚያ ቀን የሞቱት ይወጣሉ። ስኳድሮናቸውና ቀናቸው አንድ የሆነ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ካገኛችሁ የአንድ አውሮፕላን ሠራተኞች የመሆናቸው ዕድል ትልቅ ነው። አላሜይን ላይ ያለ ስም የተጻፈበት ዓምድ ቁጥርም ይሰጣል። እዚህ ጋ ሦስት ነገር ያሳስታል። አንዳንድ ስም ስኳድሮኑ አልተጻፈበትም። የቆሰለ ሰው ከቀናት በኋላ ሞቶ ከጓደኞቹ በተለየ ቀን ሊመዘገብ ይችላል። ሦስተኛው፣ አንዱ በፓራሹት ወርዶ ተማርኮ ከሆነ በሟቾች ዝርዝር አይገኝም፤ ሦስት ወንበር ያለው አውሮፕላን ሁለት ስም ብቻ ቢያስገኝ መዝገቡ ተሳስቷል ብላችሁ አትደምድሙ።

መቃብር የላቸውም ከማለታችሁ በፊትም ከረንን፣ አስመራን፣ ካርቱምንና አዲስ አበባን ተመልከቱ። በየሜዳው የተቀበሩ ብዙ ወታደሮች ከጦርነቱ በኋላ ወደ እነዚህ መቃብሮች ተሰብስበዋል። የአንድ አውሮፕላን ሰዎች ተለይተው መታወቅ ካልቻሉ በአንድ የጋራ መቃብር ይቀመጣሉ።

የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ሲባል በዚህ አካባቢ መጀመሪያ የሚታሰበው ዌልዝሊ መሆን አለበት፤ 47ኛው ስኳድሮን እስከ ጎንደር መያዝ ድረስ በረረበት። እንግዳ አውሮፕላን ነው። ቦምብ ጣይ ሆኖ ሞተሩ አንድ ነው፤ የክንፉ ስፋት ግን 22.7 ሜትር ነው። በዚህ ምክንያት «አንድ ሞተር ነበረው» የሚል ቃል የሰማ ሰው ቶሎ ተዋጊ አውሮፕላን ነው ብሎ ይስታል። የእንግሊዙ ግላዲያተር ተዋጊ ክንፍ ከ10 ሜትር አይበልጥም፤ ያውም ድርብ ነው። ዌልዝሊ ቦምቡን በሆዱ አይዝም፤ በሁለቱ ክንፎች ሥር በተንጠለጠሉ ሁለት ረጃጅም እንክብል መሰል ማቀፊያዎች ይይዛል፣ በጠቅላላው እስከ 900 ኪሎ። ሠራተኞቹ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፦ አብራሪው፣ መንገድ መሪው፣ የሬዲዮ ሠራተኛና መትረየስ ተኳሽ የሆነው ሰው። ይህ ዓይነት አውሮፕላን በ1931 ዓ.ም. ከግብፅ ኢስማዒሊያ ተነሥቶ አውስትራልያ፣ ዳርዊን ድረስ ከ11,500 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፍ በርሮ የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ዛሬ ሙሉ ዌልዝሊ በየትኛውም ሙዚየም የለም። ስለዚህ በአንድ የወገራ ገደል ሥር የተገኘ ቁራጭ ለመዝገቡ ብቻ ሳይሆን ለአውሮፕላኑ ታሪክም ዋጋ አለው።

ለምን ወደቁ? ሰው ሁልጊዜ «ተመቶ ነው» ይላል። ጎንደር ላይ የጣልያን ፀረ አውሮፕላንና ተዋጊዎች ነበሩ፤ መሬቱ ራሱ ግን ከእነርሱ የማይተናነስ ጠላት ነበር። ከገዳሪፍ እስከ ጎንደር በቀጥታ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ገዳሪፍ 600 ሜትር አካባቢ፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ፣ ሰሜን ተራራ ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ወደ 74 በመቶ ይወርዳል፤ ክንፉ የሚያነሣው ይቀንሳል፣ ቦምብ የጫነ አውሮፕላን ገደል ሲገጥመው ቶሎ መውጣት ይሳነዋል። የከፍታ መለኪያው በተነሣበት ሜዳ ላይ ዜሮ ተደርጎ ከሆነ የሚያሳየው ከሜዳው በላይ ያለውን ከፍታ ነው፤ ከፊቱ ያለውን ተራራ አያውቅም። በክረምት ደመናው ተራራው ላይ ሲተኛ ይህ ብቻውን ይገድላል። አንዱ ሞተር ከቆመ ደግሞ ሁለተኛ የለም፤ ከዚህ በታች የሚያርፍበት ሜዳም የለም።

ፍለጋውን ለማጥበብ ይህን ሒሳብ ተጠቀሙ። ዌልዝሊ ሲጓዝ በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በደቂቃ ከ5 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያንሳል። ሌሎቹ አብራሪዎች «ከጎንደር ከወጣን ከ15 ደቂቃ በኋላ ከእኛ ተለየ» ብለው ከጻፉ ከጎንደር ወደ 70 ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ወደ መመለሻው አቅጣጫ የሚገኘውን ምድር ተመልከቱ። ነፋሱ ስለሚያዛባ በሁለቱም በኩል 15 ኪሎ ሜትር ጨምሩ። የቦታ ስሞችም በመዝገቡ በጣልያን ካርታ አጻጻፍ ነው የሚገቡት። አዘዞ «አዞዞ»፣ ቁልቋል በር «ኩልኳልበር»፣ ጭልጋ «ቸልጋ» ተብለው ይነበባሉ፤ ጮክ ብላችሁ ስታነቡት አብዛኛው ይገለጣል።

መሬት ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ ሞተሩን ፈልጉ። አልሙኒየሙ ለቀላል ሥራ ስለሚመች ከሁሉ በፊት ይወሰዳል። የዌልዝሊ ሞተር ፔጋሰስ ግን 500 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ገደል ውስጥ ከወደቀ እዚያው ይቀራል። ሲሊንደሮቹ እንደ ኮከብ ጨረር በክብ የተደረደሩ ናቸው፤ ቁጠሩ። 7 ከሆኑ የጣልያኑ ካፕሮኒ 133 ቦምብ ጣይ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ሦስት ሞተር ስላለው ሌሎቹን ሁለቱንም በአቅራቢያው ፈልጉ። 14 ሆነው በሁለት ረድፍ ከተደረደሩ የጣልያኑ ፊያት ሲአር 42 ተዋጊ ሊሆን ይችላል። 9 ከሆኑ ጉዳዩ ገና ክፍት ነው፦ የዌልዝሊው ፔጋሰስ፣ የብሌንሃይም ቦምብ ጣይና የግላዲያተር ሞተር የሆነው ሜርኩሪ፣ የጣልያኑ ሳቮያ ማርኬቲ 79 ቦምብ ጣይ አልፋ ሮሜዮ ሞተር ሁሉም 9 ናቸው። ፔጋሰስና ሜርኩሪ የሲሊንደር ውስጣዊ ስፋታቸው አንድ፣ 146 ሚሊሜትር ነው፤ የሚለዩት በፒስተኑ ጉዞ ነው፣ ፔጋሰስ 190 ሚሊሜትር፣ ሜርኩሪ 165። ስለዚህ የፔጋሰስ ሲሊንደር ረዘም ይላል።

ከሞተሩ ቀጥሎ የገላው አሠራር ይናገራል። ዌልዝሊ እንደ ቅርጫት እርስ በርሱ በተሻገሩ የአልሙኒየም ቅይጥ ዘንጎች ተሠርቶ በሸራ የተለበሰ ነው። ሸራው ይቃጠላል ወይም ይበሰብሳል፤ የተሻገሩት ዘንጎች በሪቬት እንደተያያዙ ከተገኙ ግን በዚህ አካባቢ ሌላ የሚመስለው አውሮፕላን የለም። ብሌንሃይም በቆርቆሮ የተለበሰ ነው። ካፕሮኒ 133 በብረት ቱቦ አጽም ላይ የተዘረጋ ሸራ ነው።

ቀለህ አያታልላችሁ። የእንግሊዝ መትረየስ 7.7 ሚሊሜትር ነው፤ የጣልያኑ ብሬዳ ሳፋት 7.7ም ያንኑ 56 ሚሊሜትር ርዝመት ያለውን ቀለህ ነው የሚተኩሰው። ቀለሁን ለክታችሁ «እንግሊዝ ነው» ብትሉ ግማሽ በግማሽ ትሳሳታላችሁ። በቀለሁ ግርጌ ላይ የተመታውን ፊደልና ዓመት አንብቡ። 12.7 ሚሊሜትር ቀለህ ከሆነ ግን የጣልያን የመሆኑ ነገር ይበረታል። በትንንሽ ዕቃዎች ላይ ዘውድና «ኤ ኤም» የሚል ማኅተም ካለ የእንግሊዝ አየር ሚኒስቴር ንብረት ነው። የአውሮፕላኑ ቁጥር ለዌልዝሊ በ«ኬ» ወይም በ«ኤል» ፊደል ይጀምርና 4 አሃዝ ይከተለዋል። ይህን ያገኘ ሰው ከቅጽ 541 ጋር ወዲያው ማመሳከር ይችላል።

ይህን ሁሉ ስታደርጉ እጃችሁ ምንም አያንሣ። ቦምብ ጣይ ቦምቡን ሳይጥል ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ 80 ዓመት መሬት ውስጥ የቆየ ፈንጂ ከአዲሱ ይልቅ ሊያሰጋ ይችላል፣ ምክንያቱም የማቀጣጠያው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ዝጎ በትንሽ ንክኪ የሚነሣ ሊሆን ይችላል። የሲሊንደር ቅርጽ ያለው ዝገት፣ ክንፍ ያለው ጭራ፣ ከመሬት የወጣ ክብ ብረት ካያችሁ አትቆፍሩ፣ አታንቀሳቅሱ፣ በላዩ እሳት አታንድዱ። የመጣችሁበትን ዱካ ተከትላችሁ ተመለሱ፣ ለፖሊስ ንገሩ። የሰዓት መሰል መለኪያዎችንም አትክፈቱ፤ በጨለማ እንዲያበሩ የተቀቡት በራዲየም ነው፣ ራዲየም ደግሞ ግማሹ ለመጥፋት 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። ዱቄቱ በትንፋሽ መግባት የለበትም።

አጥንት ከታየ ሥራው እዚያ ይቆማል። ፎቶ አንሡ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ሸፍኑት፣ ለፖሊስና ለኤምባሲው አሳውቁ። የእንግሊዝ ወታደር አጽም ሲገኝ ማንነቱን የሚያጣራው የአገሩ መከላከያ ሚኒስቴር ነው። ጥርስና የመታወቂያ ዲስክ ከቦታው ከተነሣ ማጣራቱ ይበላሻል፤ በቅን ልብ ተሰብስቦ በከረጢት የመጣ አጽም ስሙን ሊያጣ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። ለመዝገብ የሚበቃው ይህ ነው፦ በ5 የነጥብ አሃዝ የተጻፈ የጂፒኤስ ቁጥር (ይህ ወደ 1 ሜትር ትክክል ነው)፣ ከእያንዳንዱ ቁራጭ አጠገብ ማስመሪያ ያለበት ፎቶ፣ በወረቀት የተሳለ የቁርጥራጮቹ አቀማመጥ። ፍርስራሹ በአንድ ቦታ ተከማችቶ ከሆነ በቁልቁል ወድቋል፤ በረጅም መስመር ከተበተነ ዝቅ ብሎ እየበረረ ተላትሟል። ስለ አወዳደቁ የሚናገረው ይህ አቀማመጥ ነው፣ አንድ ክንፍ ወደ ግቢ ሲወሰድም አብሮ ይጠፋል።

ጣልያኖችንም እዚህ ውስጥ አስገባለሁ። ይህን የሚቃወሙ አሉ፤ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ሰማዩ ላይ ያደረጉትን የሚያውቅ ሰው ቢቃወም አይፈረድበትም። መዝገብ ግን የሞተውን ሁሉ ካልያዘ ፍርስራሹን ማወቅ አይቻልም። በከበባው መጨረሻ ጎንደር ውስጥ የቀሩላቸው አንድ ካፕሮኒና ሁለት ሲአር 42 ብቻ ነበሩ። ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. አንዱ ሲአር 42 በደቡብ አፍሪቃ ግላዲያተር ተመትቶ ወደቀ። አብራሪው ኢልደብራንዶ ማላቮልቲ ነበር፤ በኋላ የወርቅ የጀግንነት ሜዳልያ በስሙ ተሰጠ። ደቡብ አፍሪቃውያኑ አምባዞ ላይ ባለው የጣልያን ምሽግ፣ የፊያቱ አብራሪ ጀግና ሰው እንደነበር የሚመሰክር ወረቀት ከአየር ጣሉ። ተዋጊዎቹ ራሳቸው ያን ካደረጉ እኛ ስሙን ለመጻፍ የምንሰስትበት ምክንያት አይታየኝም።

ከእነርሱ ሥር የነበረው ሕዝብም አለ። በፋሲል ግቢ ያለው የአፄ ኢያሱን ቤተ መንግሥት ከጎዱት ነገሮች አንዱ የእንግሊዝ ቦምብ ነው፤ ጣራው ዛሬም የለም። ሕንፃው ተጠንቷል፤ በዚያ ድብደባ የሞቱት የከተማው ሰዎች ስም ግን እንደ አብራሪዎቹ በድንጋይ የተቀረጸበት ግድግዳ የለውም። ሽማግሌን ስለ አንድ ቦምብ ጣይ የምትጠይቁ ሰዎች፣ እዚያው ቁጭ እንዳላችሁ «ያን ቀን ከታች ማን ሞተ?» ብላችሁም ጠይቁ። የክርስትና ስም፣ የአባት ስም፣ ደብር፣ በምን ሁኔታ እንደሞቱ ጻፉ። ዘሮቻቸው ፈቃድ ካልሰጡ በቤት መዝገብ ይቅር።

ድንጋይ ማቆም ከተፈለገ መጀመሪያ ከባለ መሬቱና ከቀበሌው ስምምነት በጽሑፍ ያዙ፤ በእርሻ መካከል የቆመ ድንጋይ በሁለተኛው ክረምት ይነቀላል። ከመንገድ ዳር ወይም ከደብሩ አጥር አጠገብ ቢሆን ይሻላል። የናስ ወይም የነሐስ ሰሌዳ አትለጥፉ፤ ለብረት ገዢ ይሄዳል። ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ላይ ፊደሉን ከ3 ሚሊሜትር ያላነሰ ጥልቀት ቅረጹ፣ ቀለም አትተማመኑበት። የሚጻፈው ይህ ይበቃል፦ የእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ስም፣ ማዕረግ፣ ዕድሜ፤ ስኳድሮኑ፣ የአውሮፕላኑ ዓይነትና ቁጥር፤ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፤ የቦታው ስም የአካባቢው ሰው እንደሚጠራው። ስሙ ያልተረጋገጠ ሰው አትጨምሩ፤ ቦታ ባዶ ተዉለት።

የሰበሰባችሁትን ሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ አንዱን ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለቀበሌው፣ አንዱን አላሜይን ላይ ስሙን ለያዘው ኮሚሽን ላኩ። በላይኛው ገጽ ላይ የጂፒኤስ ቁጥሩን፣ የምስክሮቹን ስም በፈቃዳቸው ብቻ፣ የተረጋገጠውን በአንድ ቀለም፣ የተባለውን በሌላ ቀለም ጻፉ።